የእንቅስቃሴ ሴንሰሬ ባትሪ በሳምንት ይጨርሳል፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ቺፕ ነው?

አዳማ_ሽቦ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። አጎቴ ከከተማው ዳር የእህል መጋዘን አለው። ክረምት ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጠፋበትና «ኤሌክትሮኒክስ እነካካለሁ ትል የለ፣ እስቲ አንድ ነገር ሥራልኝ» አለኝ። መጋዘኑ ውስጥ መብራት አልገባም፣ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ መሆን አለበት። ዋይፋይ ግን ከጎኑ ካለው ቢሮ ይደርሳል።

የሠራሁት ይኸው፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ያወጣሁት አንድ 18650 የሚባል ክብ ሊቲየም ባትሪ (ስፈትሸው ወደ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል)፣ ኤችሲ-ኤስአር501 የሚባለው ሁላችንም የምናውቀው ባለ ነጭ ጉልላት ሴንሰር፣ እና ዩኤስቢ ያለው የኢኤስፒ8266 (ዋይፋይ ያለው፣ ኮድ የሚጫንበት ርካሽ ቺፕ) ቦርድ። ሴንሰሩ 5 ቮልት ስለሚፈልግ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሞጁልም ጨመርኩ። ሰው ሲያልፍ ቦርዱ ከዲፕ ስሊፕ (ኃይል ከሚቆጥብበት ጥልቅ እንቅልፍ) ይነቃል፣ ቴሌግራም ላይ መልእክት ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሲሠራ ቆንጆ ነው።

ችግሩ ባትሪው ሳምንት በቅጡ አይሞላም። መጀመሪያ በፓወር ባንክ ሞክሬ ነበር፣ እሱ ደግሞ የሚወሰድበት ኃይል ትንሽ ሲሆን የተሰካበት ነገር ያለ አይመስለውም፣ ራሱን ያጠፋል። አሁን ሥራዬ በየሳምንቱ መሰላል ይዞ መመላለስ ሆኗል። አጎቴም «ዘበኛ ብቀጥር ይሻለኝ ነበር» ማለት ጀምሯል።

ሳነብ ለባትሪ ተብለው የተሠሩ፣ 1 ማይክሮ አምፔር (የሚሊ አምፔር አንድ ሺህኛ) ብቻ የሚወስዱ ሴንሰሮችና ቺፖች እንዳሉ አየሁ። ኤስአር501ን ትቼ እነሱን ብገዛ ይፈታልኛል? ከውጭ ማስመጣት ስለሆነ ብሩን ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ቴስተር_ያዥ፦

ወንድም፣ ብርህን ያዝ። ኤስአር501 ላይ ያለው ቺፕ ቢአይኤስኤስ0001 ይባላል። ሞጁሉ በሙሉ ዝም ብሎ ሲጠብቅ የሚወስደው 50፣ 60 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ነው። 60 በለው፣ በዓመት 525 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይመጣል። ያንተ ባትሪ 2000 አለው። ሴንሰሩ ብቻውን ቢሆን ከሦስት ዓመት በላይ በጠበቀልህ ነበር። በሳምንት የሚጨርስብህ ሌላ ነው።

ቴስተር አለህ? ባትሪውና ሰርኪዩቱ መሃል አስገባውና ቦርዱ ተኝቶ እያለ ስንት እንደሚወስድ ለካ። ግን ተጠንቀቅ። ቴስተሩን ማይክሮ አምፔር ላይ አድርገህ ቦርዱን ካስነሳኸው፣ ዋይፋዩ ሲበራ ለቅጽበት 300 ሚሊ አምፔርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፣ ያ ሁሉ በቴስተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ ማለፍ ስለማይችል ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል። ካልቀናህም ፊውዙ ይሄዳል። (ስንት ፊውዝ ገዝቻለሁ መሰለህ።) እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ባለ አዞ መቆንጠጫ በሆነ ሽቦ አገናኛቸዋለሁ፣ ኃይሉ በሽቦው በኩል ያልፋል። ቦርዱ ተነስቶ፣ መልእክቱን ልኮ ሲተኛ መቆንጠጫውን አንሥቼ አነባለሁ። ሳልቀሰቅሰው በፊት መልሼ እቆነጥጠዋለሁ።

ለክተህ ና።

አዳማ_ሽቦ፦

ለካሁ። ደነገጥኩ። ተኝቶ 11.2 ሚሊ አምፔር! ማይክሮ አይደለም፣ ሚሊ። ሴንሰሩንና ማሳደጊያውን ነቅዬ ቦርዱን ብቻ ስለካው 8.9 ሆነ። ስለዚህ 2.3ቱ ከሞላ ጎደል የማሳደጊያው ነው፣ ሴንሰሩማ ከውስጡ ምንም ያህል አይደለም።

ግን ዲፕ ስሊፕ 20 ማይክሮ አምፔር ነው አይደል የሚሉት? ወይስ ኮዴ አያስተኛውም?

ቴስተር_ያዥ፦

ያስተኛዋል። 20ው ግን የቺፑ ነው እንጂ የቦርዱ አይደለም። ቺፑ ለጥ ብሎ ተኝቷል፣ ቤቱ ግን መብራቱ እንደበራ፣ ቴሌቪዥኑም እንደተከፈተ ነው። እነዚህ ርካሽ ቦርዶች ላይ ያለው የ1117 ዘር ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ የሚያረጋ ቺፕ) ሥራ ኖረም አልኖረም ለራሱ ብቻ ወደ 5 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል፣ ማንም የደበቀው ነገር የለም። ቦርዱ በኮምፒውተር ዩኤስቢ እንዲሠራ ስለታሰበ ማንም አልተጨነቀበትም። የዩኤስቢ ቺፑ አለ፣ ቀይ መብራቷም አለች። ቀዳዳ ጀሪካን ውስጥ ውሃ እየጨመርክ ነው።

መፍትሔው ቦርዱን መተው። ራቁቱን ያለውን ኢኤስፒ-12 ሞጁል ውሰድና ኤምሲፒ1700 የሚባለውን ባለ 3.3 ቮልት ሬጉሌተር አድርግለት፣ እሱ ለራሱ የሚወስደው 1.6 ማይክሮ አምፔር ነው። የሚሰጠው ግን እስከ 250 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ ለዋይፋዩ ጉልበት እንዲሆን 470 ማይክሮ ፋራድ ወይም ከዚያ የበለጠ ኮንደንሰር ከጎኑ አስቀምጥ። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ «ሞጁሉ ተበላሽቷል» እያለ ይመጣል።

ማሳደጊያውንም ጣለው። ኤስአር501 5 ቮልት የሚፈልገው በላዩ 3.3 ቮልት የሚያወጣ የራሱ ሬጉሌተር ስላለ ብቻ ነው። ጃምፐሩ ጋ ኤች የተጻፈበት እግር ላይ 3.3 ቮልቱን በቀጥታ ብትሰጠው ይሠራል። ወይም ኤኤም312 ግዛ፣ ትንሿ ባለ ሦስት እግር። ከ2.7 ቮልት ጀምራ ትሠራለች፣ እኔ ስለካት 15 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ነች።

ሊድና_ጭስ፦

ቴስተር ያዥ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሥራዬ ከነዚህ ሴንሰሮች ጋር ስለሆነ ስለ ቺፖቹ ትንሽ ላርዝመው፣ ጥያቄው እሱ ስለነበር።

መጀመሪያ ሴንሰሩ ምን እንደሚያወጣ እንይ። ከጉልላቱ ስር ያለችው ብረት ቆብ ውስጥ ሙቀት ሲለዋወጥባት ጥቂት ቻርጅ የምታወጣ ክሪስታል አለች። እሷ ራሷ ባትሪ አትፈልግም። ሁለት ሆነው ተቃራኒ ነው የሚገናኙት፣ ክፍሉ በሙሉ ሲሞቅ እርስ በርስ እንዲጣፉ። ሌንሱ ክፍሉን ይቆራርጠዋል፣ ሰው ሲያልፍ አንዷ ትሞቃለች ከዚያ ሌላዋ፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ከፍ ዝቅ የሚል በጣም ቀርፋፋ ሞገድ ነው። በሰከንድ ከ0.1 እስከ 10 ጊዜ ቢሆን ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ቮልት በታች ስለሆነ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ማጉላት ያስፈልጋል።

ቀርፋፋ መሆኑ ነው ዕድላችን። ማጉያ ቺፕ ኃይል የሚበላው ፈጣን እንዲሆን ሲጠየቅ ነው። 10 ኸርዝ ላይ ለሚያልቅ ሲግናል ፈዛዛ ማጉያ ይበቃል። ለዚህ ነው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤልፒቪ802 የሚባል፣ በአንድ ማጉያ 320 ናኖ አምፔር ብቻ የሚወስድ ነገር ሊሠራ የቻለው። ናኖ ነው ያልኩት፣ የማይክሮ አንድ ሺህኛ። ሲግናሉ ወሰን ማለፉን የሚያየው አነጻጻሪ ቺፕ ቲኤልቪ3691 ደግሞ 75 ናኖ አምፔር። ሲግናሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚሄድ ሁለት አነጻጻሪ ይገባል፣ አንዱ ለላይኛው ወሰን አንዱ ለታችኛው፣ እንደዚያም ሆኖ ሁሉም ተደምሮ አንድ ማይክሮ አምፔር አይሞላም።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቆቧ ውስጥ ከክሪስታሏ ጎን ትራንዚስተር አለ፣ እግሩ ላይ የተለመደው 47 ኪሎ ኦም ሲደረግ እሱ ብቻውን ከ10 ማይክሮ አምፔር በላይ ይወስዳል። በውድ ዋጋ የተገዛው ናኖ ማጉያ የቆጠበውን ሁሉ አንድ ተራ ሬዚስታንስ ይበላዋል። ወደ 1 ሜጋ ኦም ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ ስታደርገው ደግሞ ቦርዱ ላይ የቀረ የሶልደር ቆሻሻና እርጥበት ሲግናሉን ማፍሰስ ይጀምራል፣ ስለዚህ በአልኮል በደንብ መታጠብ አለበት። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ውሸት ማንቂያ ያሳደድኩት ባልታጠበ ቦርድ ነው። ቺፑን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት ምስኪኑን።

ቢአይኤስኤስ0001 ያ ሁሉ አንድ ላይ የታጨቀበት አሮጌ ቺፕ ነው፣ 16 እግር፣ ማጉያው፣ አነጻጻሪው፣ ሰዓቱ። ከ3 እስከ 5 ቮልት ይሠራል። አሮጌ ነው ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለ18650 ይበቃል፣ ለሰዓት ባትሪ ግን አይሆንም፤ ሲአር2032 ከ220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ በ60 ማይክሮ አምፔር አምስት ወር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ዲጂታል የሆኑት ናቸው። የኤክሴሊታስ ፒዋይዲ1598 ለምሳሌ ማጉያውና ዲጂታል መቀየሪያው እዚያው ቆቧ ውስጥ ነው ያለው፣ 3 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ይወስዳል። ወሰኑን፣ ስንት ምት ሲቆጠር እንዲያነቃ፣ ካነቃ በኋላ ለስንት ጊዜ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ሁሉንም በአንድ ገመድ ትነግረዋለህ። ከዚያ አንተ ትተኛለህ እሱ ይጠብቃል። አጎትህ ስለ ዘበኛ ማንሳታቸው ትክክል ናቸው እኮ፣ ዘበኛ ብቻ ይንቃ፣ ባለቤቱ ይተኛ ነው ነገሩ። ያንተ ቤት ግን ዘበኛው በትንሽ ደሞዝ እየሠራ ባለቤቱ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚበላው።

ካንተ ጉዳይ ስንመለስ፣ ናኖውን እርሳው። ሚሊውን አባርር።

ገመድ_አልባ፦

እኔ ደግሞ የፓናሶኒክን ኢኬኤምቢ ግዛና ተገላገል እላለሁ። 1፣ 2 እና 6 ማይክሮ አምፔር የሚወስዱ አሉ፣ ሌንሱም አብሮ ነው፣ ሦስት እግር፣ አለቀ። ዕቃ የሚያመጣልህ ዘመድ አሜሪካ ካለ ኪሱ ውስጥ ይገባል።

ሊድና_ጭስ፦

ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ዋጋው ግን በአንዱ ብዙ ኤኤም312 ይገዛል። ከ15 ወደ 1 ማይክሮ አምፔር ብትወርድ በዓመት የምታተርፈው ወደ 120 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፣ እሱም ለዚህ ባትሪ ብዙም አይደለም። ደግሞ መውጫው ከ100 ማይክሮ አምፔር በላይ አይሰጥም። በኤስአር501 የለመደ ሰው ትራንዚስተሩን በ1 ኪሎ ኦም ሲያገናኘው አይሠራም ይላል። 100 ኪሎ ኦም ያድርግ።

የበረሃው፦

ዱባይ ሕንፃ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሴንሰር ሙቀትን ሳይሆን የሙቀትን ልዩነት ነው የሚያየው። የሰው ቆዳ 33፣ 34 ዲግሪ ቢሆን ነው። ክፍሉ ራሱ 35 ሲደርስ ሰውየው ከግድግዳው ጋር ይመሳሰልበታል። በጋ ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው ፓርኪንግ ውስጥ መብራቱ ሰው አጠገቡ እስኪደርስ የማይበራው ለዚህ ነው፣ ሰው ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ ይደውልልናል፣ ማታ ሄደን ስናየው ደህና ነው። አዳማም ቀን ላይ ቆርቆሮ ስር ቀላል አይመስለኝም።

ቆርቆሮው ሌላም ጣጣ አለው። ደመና ሲመጣና ሲሄድ ይሞቃል ይበርዳል፣ ሌንሱ ወደ ላይ ካየ በውሸት ያነቃሃል። ወደ ታች አዘንብለው። ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት አትስቀለው፣ በጎን ይሁን። ሰው ወደ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ ሲመጣ በደንብ አይታይም፣ ሲያቋርጥ ነው የሚታየው። መስታወት ጀርባ ልደብቀው ብለህም እንዳታስብ፣ ሴንሰሩ የሚያየው የሙቀት ጨረር በመስታወት አያልፍም።

ጨዋታ_አዋቂ፦

መልእክቱ በስንት ሰከንድ ነው የሚደርስህ? ዋይፋይ እስኪገናኝ ሌባው ጤፉን ተሸክሞ ሄዶ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን።

አዳማ_ሽቦ፦

ሃሃ፣ አምስት ሰከንድ አካባቢ። ኩንታል ተሸክሞ በአምስት ሰከንድ ከወጣማ ይገባዋል።

ሁሉንም አዘዝኩ። ኤኤም312 መርካቶ አገኘሁ። እመለሳለሁ።

አዳማ_ሽቦ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦

መጣሁ። ራቁት ሞጁል፣ ኤምሲፒ1700፣ 1000 ማይክሮ ፋራድ፣ ኤኤም312። ተኝቶ 41 ማይክሮ አምፔር! ከ11.2 ሚሊ ወደ 41 ማይክሮ። ቴስተሩን ሁለቴ ነው ያየሁት። በቀን 1 ሚሊ አምፔር ሰዓት ማለት ነው። አጎቴን «ዓመት አትጠራኝም» አልኩት።

አሁን አፈርኩ። በ24 ቀን ባትሪው ከ4.12 ወደ 3.61 ቮልት ወርዷል። በቀን ቢበዛ 10 ጊዜ ነው የሚነቃው፣ ሂሳቡ በፍጹም አይገጥምም። ባትሪው ራሱ አርጅቶ ነው?

ቴስተር_ያዥ፦

አሥር ጊዜ፣ አምስት አምስት ሰከንድ፣ በ80 ሚሊ አምፔር፣ በቀን ሌላ 1 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢሆን ነው። እሱ አይደለም። ሴንሰሩ ከአንቴናው ምን ያህል ይርቃል? አንዳንዴ ዋይፋዩ ሲልክ ሴንሰሩን ይረብሸውና እንደገና ያስነሳዋል፣ ልኮ ይነቃል፣ ነቅቶ ይልካል።

አዳማ_ሽቦ፦

አንድ ክንድ ይርቃል። መልእክቶቹም ተደጋግመው አልመጡም። እንዲያውም አንዳንድ ማታ ምንም አልመጣም።

ሊድና_ጭስ፦

ምንም ያልመጣባቸው ማታዎች መብራት ነበረ?

አዳማ_ሽቦ፦

ኧረ ተይ! አልነበረም። ቢያንስ አምስት ማታ ጠፍቷል።

ሊድና_ጭስ፦

በቃ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል። ሞጁሉ ይነቃል፣ ራውተር ይፈልጋል፣ አያገኝም። ኮድህ ውስጥ «እስኪገናኝ ጠብቅ» የሚል ማለቂያ የሌለው ዙር አለ፣ ሳላየው እምላለሁ፣ የሁሉም ሰው ኮድ ላይ አለ። መብራት እስኪመጣ በ75 ሚሊ አምፔር ቆሞ ይፈልጋል። አራት ሰዓት ከጠፋ 300 ሚሊ አምፔር ሰዓት። የ300 ቀን እንቅልፍ በአንድ ማታ አለቀ።

8 ሰከንድ ገደብ አድርግለት። ካላገኘ ቁጥሩን አርቲሲ ሜሞሪ ላይ ይጻፍና ይተኛ፣ ስትተኛ የማይጠፋው ሜሞሪ እሱ ነው፣ በሚቀጥለው ሲገናኝ «ይህን ያህል ጊዜ ሰው አይቻለሁ» ብሎ ይላክ። የሞጁሉን የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ ቋሚ አድርገው፣ የራውተሩን ቻናልም አስቀምጥለት፣ አምስቱ ሰከንድ ወደ አንድ ይወርዳል። ለራውተሩ ደግሞ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ። ሌባ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው እኮ።

አዳማ_ሽቦ፦

እውነትም ዙሩ አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። አመሰግናለሁ እህቴ፣ ይህን በሕይወቴ አላገኘውም ነበር።

ጀማሪ_ነኝ፦

እኔም ልሠራው ነው። ኤኤም312 ሰው ሲያይ የመውጫው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ኢኤስፒ8266 ግን ሪሴት የሚባለው እግሩ ዝቅ ሲል ነው የሚነሳው። እንዴት አገናኘኸው?

አዳማ_ሽቦ፦

በአንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር ገለበጥኩት፣ ከዚያ በትራንዚስተሩና በሪሴቱ መሃል 100 ናኖ ፋራድ አስገባሁ። ኮንደንሰሩን አትዝለል። ያለ እሱ ሴንሰሩ ከፍ እስካለ ድረስ ሪሴቱ ዝቅ ብሎ ይቀራል፣ ሞጁሉ አይነሳም። ከእሱ ጋር አጭር ምት ብቻ ነው የሚደርሰው።

አዳማ_ሽቦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ኮዱን አስተካክዬ፣ ባትሪውን ሞልቼ ሰቀልኩት። ዛሬ 21ኛ ቀኑ ነው። ሲሰቀል 4.13፣ ዛሬ 4.09። መብራት በመሃል አራት ጊዜ ጠፍቷል። ለራውተሩ ዩፒኤሱን አጎቴ ራሱ ገዛው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በየሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ መልእክት ይመጣል። ሁለት ማታ ባትሪ መብራት ይዘን ሮጥን። ድመት ናት።

የበረሃው፦

የሌንሱን የታችኛውን ረድፍ በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ሸፍነው። ወለሉን አያይም፣ ከወገብ በላይ ብቻ ያያል። ወይም ድመቷን አባር።

አዳማ_ሽቦ፦

ድመቷንማ አልነካትም፣ አይጡን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቴፑን ነገ እለጥፋለሁ።